ታኮውን አንሳ ያለኝ ማን ነው?

እኔ አልነዳሁም አልኳችሁ እኮ። መሪ ይዤ አላውቅም። ማለቴ መኪናው ቆሞ እያለ ይዤዋለሁ፣ ቆንጆ ስታልፍም ጥሩምባውን አንዳንዴ አጩኼዋለሁ፣ ያን ቀን ሐረጎ ዳገት ላይ መሪውን የያዘው ግን ጌች ነው፤ ጌታቸው፣ ያ የወርቅ ጥርስ ያለው። አሁን በቀደም ከደሴ የመጣ አንድ ልጅ እዚህ ጂዳ ክፍላችን ገብቶ፣ ፍራሼ ላይ ተደላድሎ፣ የራሴን ሻይ እየጠጣ፣ «እንድሪስ ማለት ያ ሸህ ገድሎ የጠፋው ረዳት አይደል እንዴ?» ይላል። ሻዩን እንኳ አልጨረሰም። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እኔን አየ። ወላሂ፣ በዒድ ቀን በግ ሲታረድ ቤት ገብቼ በር የምዘጋ ሰው ነኝ እኮ።

እንግዲህ የምጽፈው ለዚያ ልጅ ነው፤ ለእናንተም፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቆማችሁ ስሜን ለምታነሱ። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ ትቼዋለሁ፣ እሱም ትቶኛል፣ ስለዚህ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቁብኝ። ነገሩ ራሱ ቀጥ ያለ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ እወቁ። በደሴና ኮምቦልቻ መስመር ላይ እንደኔ ያለ ረዳት አልነበረም። ጉራ ትሉ ይሆናል፤ ጉራ ከሆነም እውነተኛ ጉራ ነው። «ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው የቀረው» ብዬ ስጮህ መኪናው ባዶ ሆኖ እንኳ ሰው ይሮጥ ነበር። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪዎች «አንተ ልጅ፣ ሬዲዮ ብትገባ ኖሮ ባትሪ አያስፈልግህም» ይሉኝ ነበር። በሩን በእግሬ ዘግቼ፣ ተንጠልጥዬ፣ የአሮጊት ቅል ሙሉ እርጎ በአንድ እጄ ይዤ ስንት ኩርባ ወርጃለሁ፣ ጠብ አላለም። ያን ጊዜ ደሴ ባጃጅ ገና መግባቱ ነው፤ ከተማው የእኛ ነበር፣ የሚኒባሶቹ።

መኪናዋ የአቶ ከማል ነበረች፤ ደሴ ጨርቅ ቤት ያለው ሰውዬ ነው። ይቺ መኪና የእጅ ፍሬን የላትም። ማለቴ እጀታው አለ፣ ስትስበው ግን ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ይወዛወዛል። ጌች ነግሮታል፣ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ፣ አቶ ከማልም ሁልጊዜ «ከረመዳን በኋላ» ይል ነበር። ረመዳን ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እሱ የትኛውን ረመዳን እንደሚጠብቅ አላህ ይወቅ። ስለዚህ የእጅ ፍሬኑ እኔ ነበርኩ። ዳገት ላይ ስንቆም ዘልዬ እወርድና የኋላ ጎማ ሥር ታኮ አደርጋለሁ። ታኮዬ ከቦርከና ዳር መርጬ ያመጣኋት ጥቁር ድንጋይ ናት፣ አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ፤ ወንበር ሥር ነበር የምትኖረው፣ ከአንዳንድ ተሳፋሪ ይልቅ እሷን እወዳት ነበር።

ሥራው ሕግ አለው፣ መንገድ ላይ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ረዳት ታኮ ሲያስገባ ማንንም አይጠይቅም። ሲያነሳ ግን በራሱ አያነሳም። ሹፌሩ ከኋላ ያለው አይታየውም፣ ረዳቱ ደግሞ ሹፌሩ እግሩን የት እንዳደረገ አይታየውም። ስለዚህ ረዳቱ ከኋላ ያለውን ይናገራል፣ ሹፌሩ ሰምቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ «አንሳ» ይላል። ያኔ ትነሳለች። ይሄን እንደ ፋቲሓ ነው የማውቀው።

ሸህ ይመርን ኮምቦልቻ ላይ ያሳፈርኳቸው እኔ ነኝ። የቢስቲማ ሰው ናቸው፣ ኮምቦልቻ ዘመድ ጠይቀው ደሴ ዓይናቸውን ለመታየት ነበር የሚሄዱት። ጆሯቸውም ከባድ ነበር። ሌላው ረዳት ሲያናግራቸው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «እህ?» ይላሉ፤ እኔ አንዴ «ደሴ» ስል ሳቁና፣ «በዚህ አገር ድምፁ የሚሰማኝ አንተ ብቻ ነህ ልጄ፣ ምነው አዛን ባደረግህ» አሉኝ። በሩን ከፍቼ፣ ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው፣ ዱላቸውንም ተቀብዬ ወንበር ሥር ከድንጋዬ አጠገብ አስተኛኋት። ጋቢና ከጌች ጎን እትዬ ብርቄ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ቅቤ ተራ የምትሸጠዋ፣ ቅቤዋን በቅጠል ጠቅልላ ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋ።

ሐረጎን እየወጣን ሳለ ጭጋግ ያዘን። ሞተሩም ጋለ፣ ጭሱና ጭጋጉ አልለይ አለ። ጌች አቆመ፣ እኔ ዘልዬ ወረድኩ፣ ታኮ አስገባሁ፣ በጀሪካን የያዝነውን ውሃ ጨመርንላት። ከተሳፋሪው እግሩን ሊያፍታታ የወረደ ወረደ። ሸሁም ወረዱና፣ «ልጄ፣ የተረፈች ውሃ ካለች ውዱእ ላድርግ፣ ዐስር እንዳያልፈኝ» አሉኝ። ጀሪካኑን ሰጠኋቸው። ከመኪናው ኋላ፣ መንገዱ ዳር ያለች የድልድይ ግንብ ላይ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቁጭ አሉ።

አሁን ስሙኝ፣ ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ነው።

ጌች ሞተር አስነሳ። እኔ ጎማው ጋ ሆኜ፣ «ጌች፣ ሸሁ ከኋላ ናቸው፣ ውዱእ ላይ ናቸው» አልኩት።

«አይቻቸዋለሁ» አለ።

እትዬ ብርቄ ከጋቢና፣ «ኧረ ይጨርሱ ሰውዬው፣ ምን አስቸኮለህ» አለችው። ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ።

«ኩርባው ላይ ስቤ እጠብቃቸዋለሁ፣ እዚህ ጭጋግ ውስጥ ከኋላ መጥተው ይገጩናል። አንሳ» አለኝ።

አነሳሁ። ድንጋዬን በሁለት እጄ ይዤ ቀና ስል ሞተሩ አንዴ አሳለና ጸጥ አለ። መኪናዋ ወደፊት አልሄደችም። ወደ ኋላ መጣች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሰው። ጌች ፍሬን ረግጧል፣ መብራቱ ሲበራ አይቻለሁ፣ መንገዱ ግን እርጥብ ነው፣ ጎማውም መላጣ ነው፣ ተንሸራተተች። ድንጋዬን መልሼ ወረወርኩ፤ ጎማው ዘለላት። ያኔ ጮህኩ። ሐረጎን የሚያስተጋባው ድምፄ፣ ባዶ መኪና ላይ ሰው የሚያስሮጠው ድምፄ፣ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። ሸሁ ዞር አላሉም። እኔን ብቻ እንደሚሰሙኝ የነገሩኝ ሰው ናቸው እኮ። ምናልባት ሰምተው ተሳፋሪ እየጠራሁ መስሏቸው ይሆናል። 

ባገኘነው መኪና ጭነናቸው፣ ደሴ ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፉ። አላህ ይርሐማቸው። ጭንቅላታቸው ጭኔ ላይ ነበር፣ እጃቸው ገና አልደረቀም፣ የውዱእ ውሃ ነው።

እኔን ወደ ሐረጎ መለሱኝ፤ ትራፊክ ፖሊሱ መጣ፣ በሜትር ለካ፣ ፕላን ሳለ። ፕላኑ ላይ መኪናዋ አለች፣ ግንቡ አለ፣ ድንጋዬም ክብ ሆና አለች፤ «አንሳ» የሚለው ቃል ግን በሜትር አይለካም፣ አልተሳለም። ተሳፋሪው በሌላ መኪና እየተጫነ ሄደ። እትዬ ብርቄ ልትሄድ ስትል ክንዴን ይዛ፣ «እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ከተፈለግሁ ቅቤ ተራ ነኝ» አለችኝ። የፈለጋት የለም። ድንጋዬን ለኤግዚቢት ብለው ወሰዷት። እሷ ታሰረች፣ እኔ ተለቀቅሁ።

ከዚያ ጥፋቱ መንሸራተት ጀመረ፣ ልክ እንደ መኪናዋ። ጌች ፍሬኑ ነው አለ። አቶ ከማል፣ ፍሬኑ ሰሞኑን ጋራዥ ታይቷል፣ ጋራዡን ጠይቁ አለ። ጋራዡ፣ እኛ ያየነው የእግር ፍሬኑን ነው፣ ለእጅ ፍሬኑ ማንም አላዘዘንም፣ ደግሞ መንገዱ እርጥብ ነበር አለ። መንገዱ አፍ ስለሌለው እኔ ጋ መጣና ቆመ። ከእኔ ኋላ ታኮ የሚያደርግ አልነበረም።

አባቴ ግን ይሄን ሁሉ አልጠየቀኝም። ቧንቧ ውሃ ላይ ልብስ ሰፊ ነው፣ ታውቁታላችሁ፣ ግማሻችሁ የትምህርት ቤት ሱሪያችሁን እሱ ነው ያሳጠረላችሁ። ከሲንገሩ ላይ ተነስቶ መጣና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ለሸሁ በሩን የከፈትክላቸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ የእኛ እንግዳ ነበሩ» አለ። በቃ።

በማግሥቱ አበጋሮቹ ዘንድ ሄደ። አበጋር ለማታውቁ፣ ወሎ ውስጥ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ከአባት ለልጅ የሚወርድ ሥራ ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሰማቸዋል። ነፍስ ሲጠፋ ሟች ቤት ሄደው ይቅር ተባባሉ ይላሉ። በዚያ ወግ ማን አጠፋ የሚለው ኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ሰው ከእጅህ ላይ ከጠፋ ትሄዳለህ፣ አለቀ። እኔን አትምጣ አሉኝ፣ ሐዘኑ ትኩስ ነው ብለው። አባቴ እናቴ ልብስ የምታጥብበትን ድንጋይ ከደጃችን አንስቶ፣ በመኪና እስከ ቢስቲማ ወስዶ፣ ከመንደሩ አፍ ጀምሮ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ገባ። ልብስ ሰፊ እኮ ነው፣ ከመቀስ የከበደ ነገር አንስቶ አያውቅም። ሸሁ ደጅ ላይ ተንበረከከ። ቤተ ዘመዱ ቆሞ አየው፣ ፀሐይዋ እስክትዞር። በኋላ የሸሁ ሚስት ራሳቸው ወጡና ድንጋዩን በእጃቸው ከአንገቱ ላይ አንስተው አስቀመጡት፣ «ተነሡ፣ ደሙ ደርቋል» አሉት። ዱዓ ተደረገ። አባቴ ሲመለስ አንገቱ ወደ ግራ ዘመም ብሎ ነበር። እንደዚያው ቀረ።

እኔም አበጋሩ ሲተርክልን አለቀስኩ፣ ተገላገልን አልኩ። ጅል ነኝ። ጌችና አቶ ከማል ቢስቲማ አልሄዱም። ጠበቃ ይዘዋል፣ ጠበቃው ለቅሶ እንዳትደርሱ ብሏቸዋል፣ የደረሰ አመነ ማለት ነው ብሎ። ሰው ሞቶ ለቅሶ የሚከለክል ሙያ መኖሩን ያኔ ነው የሰማሁት።

በሌላ ቀን መርማሪው ጠራኝ። ሃምሳ አለቃ ነው፣ የእኛው አገር ልጅ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ወንበርም ሰጥቶኛል።

«ታኮውን ያነሳው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ጥሩ» አለና ጻፈ።

«አንሳ ያለኝ ግን ጌች ነው።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

«ይጠይቁኛ ታዲያ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጌታቸው አላልኩም እንዳለ ነገረኝ፤ ረዳቱ ዝም ብሎ አነሳው፣ እኔ ሳልዘጋጅ ብሏል አለኝ። ምስክር አለኝ አልኩት፣ እትዬ ብርቄ፣ ኮምቦልቻ። ኮምቦልቻ ሰፊ ነው አለ። ቅቤ ተራ ገብተው ብርቄ ካሉ ውሻው ሳይቀር ያሳይዎታል አልኩት። «ፖሊስ ቅቤ ሊገዛ አይወርድም» አለ። ራሴ ላምጣት ስለው ደግሞ፣ ተጠርጣሪ ምስክር ጎትቶ ካመጣ አጥንቶ ያመጣት ይባላል አለ። እንግዲህ እሱ አይወርድ፣ እኔ አላመጣ፣ እሷ ቅቤዋን ትሸጣለች።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባትህ ቢስቲማ ድንጋይ ተሸክሟል አሉ።»

«ተሸክሟል።»

«የሹፌሩ አባት ተሸክሟል?»

«አልተሸከመም።»

«ባለመኪናውስ?»

«እሱማ ጨርቅም በሠራተኛ ነው የሚያሸክመው።»

አልሳቀም። «ጠበቃቸው የሚያነሳው ይሄንን ነው። ያላጠፋ ሰው ድንጋይ ለምን ይሸከማል?»

«ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ የዚህ አገር ሰው ነዎት። ያውቁታል እኮ።»

«እንደ ሰው አውቀዋለሁ» አለኝ። «መዝገቡ ግን የወሎ ሰው አይደለም።» ጌች ምስክር ሊሆን እንደሆነ፣ እኔ ደግሞ ተከሳሽ እንደምሆን ያን ጊዜ ገባኝ። ሰኞ ከዋስ ጋር ና አለኝ።

ሂድ ያለችኝ እናቴ ናት። «አባትህ በአንተ ፈንታ አንገቱን ሰብሮ መጣ፣ አንተ ደግሞ ልትታሰር ነው። ለአንድ ሞት ሁለቱም አይሆንም» አለች፣ በሶውን እያሰረች። ለአባቴ እንዳልነግረው አደራ አለች። ብነግረው ቅር ብሎት ያስቀረኛል ብላ ነው፣ ያስቀረኝም ነበር።

የሄድኩት ከሱብሒ ሰላት በኋላ ነው። ደሴን ታውቋታላችሁ፣ ጠዋት ጭጋጉ እስከ ጉልበት ይወርዳል። ወደ ባቲ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ፣ ከባዶ የጨው ጆንያ ክምር ኋላ ተቀምጫለሁ፤ በመስጊዱ ስናልፍ ሰዉ ሰግዶ እየወጣ ነበር። አባቴን አየሁት። ጋቢው ውስጥ ገብቶ፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘመም አድርጎ፣ ጫማውን እየፈለገ። አባ ብዬ ብጠራው ይሰማኝ ነበር። ድምፄን ታውቁታላችሁ። አልጠራሁትም። ሐረጎ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ኩርባዎቹን ግን በሆዴ ቆጠርኳቸው፣ ያቺ ግንብ ጋ ስንደርስ ሆዴ ነገረኝ።

መንገዱን ብዙ አልተርክላችሁም፣ የመጣ ያውቀዋል፣ ያልመጣ አይምጣ። ከባቲ ቁልቁል በረሃ ነው። ፀሐይዋ የደሴ ፀሐይ እህት አትመስልም። አንድ የሐይቅ ልጅ አብሮን ነበር፣ በየደረስንበት የሐይቁን ዓሣ ጥብስ እያወራ ምራቃችንን የሚያስጨርሰን። ምራቅ ውድ በሆነበት አገር። ከጅቡቲ ወዲህ በረሃው መሃል ተቀመጠና አልነሳም አለ፣ ውሃው የሚያሻግረን ደላላ ጋ ነበር፣ ደላላውም ለመኪናው ነው የያዝኩት አለ። አሸዋ አለበስነው፣ እኔ ነኝ ቁርዓን የቀራሁለት፣ የማውቃትን ያህል። ያን ጊዜ ያ የደሴ መርማሪ ትዝ አለኝና ደላላውን፣ «ለዚህ ልጅ ተጠያቂው ማን ነው?» አልኩት።

ወደ ላይ አሳየኝ። «ፀሐይዋ ናት። ክሰሳት» አለ።

ሳቅሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከንፈሬ ደረቅ ስለነበር ተሰንጥቆ ደማ። ለዚያ ልጅ ፕላን የሳለ የለም። አባቱ ሐይቅ ሆኖ እስከ ዛሬ ስልክ ይጠብቃል። በጀልባው ላይም ሌላ አየሁ፣ የመን ላይም ሌላ፣ አልጽፈውም፣ እናቴ ይሄን ሰው አስነብባ ትሰማለች።

ጂዳ ስገባ እግሬ ጫማ አልነበረውም፣ አፌ ግን ሙሉ ነበር፤ በሳምንቱ በዓረብኛ እቀልድ ነበር፣ የሚስቅ ባይኖርም። አሁን የምሠራው ባንሸር ነው፣ ጎማ የሚለጠፍበት ቤት ማለት ነው። አላህ ቀልደኛ ነው እንዳልል እፈራለሁ፣ ግን ከሥራ ሁሉ ጎማ ሰጠኝ። የክፍላችን ባለቤት የመናዊ ነው። ሙከየፉ፣ ማለት ማቀዝቀዣው፣ አይሠራም ብለን ጠራነው።

«ይሠራል» አለ። «ድምፁ ይሰማችኋል አይደል?»

«ድምፁማ ይሰማል፣ ቅዝቃዜው ነው የሌለው።»

«እንግዲያ ግማሹ ይሠራል» አለና ሄደ።

ደሴ እያለሁ ጭጋግ ስረግም የኖርኩ ሰው፣ እዚህ የፍሪጁን በር ከፍቼ ፊቴን አስገባለሁ። ያቺ ነጭ እንፋሎት ስትወጣ ሐረጎ ይሸተኛል። ጓደኞቼ እንድሪስ እንቁላል እየቆጠረ ነው ይላሉ። ሩዙ ነው፣ ጠዋት ሩዝ፣ ማታ ሩዝ፣ ኽብዙም፣ ዳቧቸው ማለት ነው፣ እንደ ካርቶን፤ ቃሪያ አምሮኝ አንዴ የጎረቤት አበባ ቀጥፌ ቀምሻለሁ። ሰዉ ደግሞ ሲገናኝ ሰላምታው አጭር ነው። እኛ አገር እስክትጠያየቅ መኪና ያልፍሃል፣ እዚህ መኪናው እንዳያልፈው ሰላም አይልህም።

አንድ ቀን ከአለቃዬ ጋር በፒክአፑ ጎማ ልናደርስ ስንሄድ ሌላ መኪና ከጎን መጥቶ ነካን። ምንም አይደለም፣ በሩ ገባ አለ። ሙሩር መጣ፣ የእነሱ ትራፊክ ማለት ነው፣ ወጣት ልጅ፣ ልብሱ የተተኮሰ። አየ፣ ሁለቱንም ሰማ፣ ከዚያ አለቃዬን አንተ ሩብ አጥፍተሃል፣ ያኛውን አንተ ሦስት ሩብ አለ። እንደ ዳቦ ቆረሰው። እነሱም እሺ ብለው ፈረሙ። እኔ መቆጣጠር አቃተኝ፣ በሳቅ ተንከተከትኩ።

«ምን ያስቅሃል?» አለኝ።

«ጥፋት ይቆረሳል እንዴ?»

«በእናንተ አገር አይቆረስም?»

«አይቆረስም ጌታዬ፣ ሙሉውን ነው የሚያጎርሱህ።»

እሱም ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ «ኢቃማህ የታለ?» አለኝ። ኢቃማ መኖሪያ ፈቃድ ነው፣ እኔ ደግሞ ያለኝ እግር ብቻ ነው። ሮጥኩ። እየሮጥኩ ግን ማካፈል ጀመርኩ፤ ለጌች ይሄን ያህል፣ ለአቶ ከማል ይሄን ያህል፣ ለመላጣው ጎማ፣ ለጭጋጉ፣ ለጀሪካኑም ቢሆን ትንሽ። ለእኔ ምን እንደሚደርሰኝ ያ ልብሱ የተተኮሰ ልጅ ይወስን፣ የደረሰኝን እሸከማለሁ። ሙሉውን ግን አይደለም። ሙሉው የኔ አይደለም።

ያንኑ ሰሞን ዒድ ነበርና አባቴ ጋ ደወልኩ። ጎረቤት ስልክ ላይ ነው የሚጠብቀኝ። ከሰላምታው በኋላ፣ የሸሁ ሚስት ከቢስቲማ ማር እንደላኩ፣ በዒድ አልቀሩም፣ ሁልጊዜ እንደሚጠይቁኝ ነገረኝ። ዘመድ ሆነዋል አሁን፤ አባቴ ለልጆቻቸው ልብስ ይሰፋላቸዋል፣ እነሱ እህል ሲደርስ ይልካሉ። «ያ ልጅ እንዴት ነው፣ አላህ ይቅር ብሎታል በሉት» ይላሉ አሉ። እኔን ነው ይቅር ያሉት። በደግ ልባቸው ነው፣ አውቃለሁ። ግን ይቅር የተባለ ሰው ማለት ያጠፋ ሰው ማለት ነው።

«አባ» አልኩት፣ «እትዬ ብርቄን ይዘህ ፖሊስ ጣቢያ ሂድልኝ።»

«ሄጄ ምን ልበል?»

«ልጄ አላጠፋም፣ ታኮውን አንሳ ያለው ሹፌሩ ነው በል። ድንጋዩን የተሸከምኩት ለወጉ ነው እንጂ አምኜ አይደለም በል። እሱን ካልክ መመለስ እችላለሁ።»

ከኋላው የጎረቤት ልጆች የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ይጯጯሃሉ።

«ያን ድንጋይ በገዛ እጃቸው ነው ያነሱልኝ» አለ። «ባላቸው ከሞቱ ገና ሳምንት ሳይሞላ። አሁን ሄጄ የተሸከምኩት ለወጉ ነው ልበላቸው?»

«ለእሳቸው ሳይሆን ለፖሊስ።»

«ደሴ የተባለ ቢስቲማ ይሰማል፣ እንድሪስ።»

«እኔስ አባ?»

አንገቱን ዘመም አድርጎ ስልኩን በቀኝ ጆሮው እንደያዘ በሐሳቤ አየሁት፣ ግራው አይመቸውም።

«ብላ» አለኝ። «ሥጋ በላህ ዛሬ?» አዎ አልኩት፣ አልበላሁም። ስልኩ ተቋረጠ፤ ካርዱ ይለቅ፣ እሱ ይዝጋው፣ አላወቅሁም።

እንግዲህ ይሄው ነው። ፍራሼ ላይ የተቀመጥከው ልጅ፣ ሻይህን ጨርስና አገር ቤት ላለው ሁሉ ደውል። ኮምቦልቻ ቅቤ ተራ ገብታችሁ እትዬ ብርቄን ጠይቋት፣ ጌች ምን አለ በሏት፣ ቅቤም ባትገዟት ትነግራችኋለች። አቶ ከማልን የእጅ ፍሬኑን ከየትኛው ረመዳን በኋላ ሊያሠራ እንደነበር ጠይቁት። ጌችን ራሱን መናኸሪያ አግኙት፣ የወርቅ ጥርሱን ሳይሆን ዓይኑን እያያችሁ «አንሳ» ብለሃል ወይስ አላልክም በሉት። ያን ቀን ሐረጎ ላይ ጭጋጉ ውስጥ የነበረ ማንንም ጠይቁ፣ የፈለጋችሁትን፣ አልፈራም።

አባቴን ግን አትጠይቁት። እሱ እዚያ አልነበረም።